ኢኖክ ፖወል በማን አንደበት ተናገረ?

የምሠራው በርሚንግሃም ውስጥ፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው አረጋውያን በሚኖሩበት አንድ ኬር ሆም ነው። ባለፈው የብርድ ወቅት አንድ ሌሊት፣ እንቅልፍ እምቢ ላላቸው ሽማግሌ ሻይ ይዤላቸው ገባሁ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ባለ ክዳኑን ኩባያ እኔው ይዤ ጥቂት ጥቂት እያልኩ አጠጣኋቸው፤ አገጫቸው ላይ የወረደውን ጠረግኩ፤ ትራሳቸውን ገልብጬ አመቻቸሁላቸው። አመሰገኑኝ። ከዚያ ስለ አየሩ የሚያወሩ በሚመስል፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ “ኢኖክ እኮ ትክክል ነበር” አሉ። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ “አንቺን ማለቴ አይደለም፤ አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ” ብለው ጨመሩበት።

አልተቀየምኳቸውም። ኢኖክ ያሉት፣ ስደት ይቁም ብሎ በተናገረው ንግግር የሚታወሰውን የእንግሊዝ ፖለቲከኛ ኢኖክ ፖወልን ነው። እዚህ አገር ብዙ የኖረ ሐበሻ ያቺን አባባል አንድ ቀን ከታክሲ ተሳፋሪ፣ ሌላ ቀን ከሥራ ባልደረባ ሳይሰማት አይቀርም። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ከከተማ ውጭ በነበረ ትልቅ የአእምሮ ሆስፒታል ዓመታት አሳልፈዋል። ማለቂያ ስለሌለው ኮሪደር፣ ከውጭ ስለሚቆለፈው በር ብዙ ጊዜ አጫውተውኛል። እነዚያን ሆስፒታሎች የመዝጋቱን ሐሳብ በአደባባይ ያወጀው የጤና ሚኒስትር ደግሞ ያው ኢኖክ ፖወል ነው። እሳቸው ከዚያ በር የወጡት፣ እኔም የምሠራበት ዓይነት ቤት የተፈጠረው፣ እሱ ባስጀመረው መንገድ ነው።

ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። የፓርላማው መዝገብ ቃል በቃል ስላለ፣ ከሌሊት ሥራ ስመለስ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ንግግሮቹን በስልኬ አነበብኳቸው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል?

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣን ነገሩን ለጋሼ አነሳሁላቸው። ጋሼ አገር ቤት ሳሉ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። “ልጄ፣ ያልተማረ ቢለው አይደንቀኝም። ግን ፕሮፌሰር ነው እኮ! የተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል?” አሉ፤ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መልሰው።

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” እየተባልን ያደግን ሰዎች፣ አገር በተቸገረ ቁጥር “ምሁራኑ የት ገቡ?” ማለት ይቀናናል። የተማረ ሰው ሥልጣን ቢይዝ ነገር ይስተካከላል ብለን እናምናለን፤ የራሳችን የቅርብ ታሪክ ብዙ ጊዜ ቢያሳዝነንም እምነቱ አልለቀቀንም። ፖወልን ለማሰብ ጥሩ መነሻ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሳይጠመጥም በፊት የተማረ ሰው ከተባለ፣ ከእሱ በላይ የተማረ ፖለቲከኛ በሃያኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ማግኘት ይከብዳል።

በ1912 እዚሁ በርሚንግሃም ተወለደ፤ እናቱም አባቱም መምህራን ነበሩ። ካምብሪጅ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ግሪክኛና ላቲን አጠና። ገና በ25 ዓመቱ አውስትራሊያ ውስጥ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የግሪክኛ ፕሮፌሰር ሆነ። ኋላ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ጎፍ ዊትላም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። በ1938 የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶተስ የተጠቀመባቸውን ቃላት እየለቀመ፣ እያንዳንዱ የት የት እንደሚገኝ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ሄሮዶተስ ከግብፅ በስተደቡብ ስለሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ረጅም፣ መልካቸው ያማረ ኢትዮጵያውያን የጻፈ ሰው ነውና፣ ወጣቱ ፖወል ስለዚያ ሕዝብ የተነገረውንም ቃል በቃል እየቆጠረ አልፎበታል ማለት ነው።

የዚህ ሙያ ዋና ሥራ ምስክር መመዘን ነው። ከአንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ብዙ ቅጂዎች ይኖራሉ፤ ቅጂዎቹ ይለያያሉ፤ ጸሐፊ ይሳሳታል፣ ይዘላል፣ ከራሱ ይጨምራል። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ድካም ያውቀዋል። ሊቁ እያንዳንዱን መስመር “ይህን ማን አለው? ከማን ሰምቶ? ከየትኛው ብራና ገልብጦ?” እያለ ይመረምራል። ፖወል የጥንቱን የቱሲዲደስን ታሪክ የግሪክኛ ንባብ በዚህ መንገድ አርሞ ካዘጋጁት አንዱ ነበር። ወደ ፖለቲካ ሲገባ ይዞት የገባውም ይህንኑ የአእምሮ ልማድ ነው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ብዬ ነበር ማንበብ የጀመርኩት።

ቀሪውን በአጭሩ ልለፈው። ጦርነቱ ሲነሳ በ1939 ተራ ወታደር ሆኖ ተመዘገበ፤ ሲያበቃ ብርጋዴር ነበር። ሕንድ ውስጥ አገልግሎ ኡርዱ ተማረ። በ1950 ከኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ተወዳድሮ፣ ከበርሚንግሃም አጠገብ ያለችው የወልቨርሃምፕተን ደቡብ ምዕራብ እንደራሴ ሆነ። በጥር 1958 የመንግሥት ወጪ ይቀነስ በሚል ክርክር ከገንዘብ ሚኒስትሩ ጋር አብሮ ሥልጣኑን ለቀቀ። ለአቋሙ ወንበር የሚተው ሰው እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀ።

ሆላ፣ 1959

መጋቢት 3 ቀን 1959 ኬንያ ውስጥ፣ ሆላ በሚባል የእስረኞች ካምፕ፣ የእንግሊዝን ቅኝ አገዛዝ ይቃወም ከነበረው ከማው ማው ንቅናቄ ጋር በተያያዘ ታስረው የነበሩ 11 ሰዎች በጠባቂዎች ዱላ ተገደሉ። የግዳጅ ሥራ አንሠራም ማለታቸው ነበር ጥፋታቸው። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር መጀመሪያ ሰዎቹ የሞቱት ከውሃ ጋሪ ውሃ ከጠጡ በኋላ ነው የሚል መግለጫ አወጣ። በኋላ ምርመራ ሲደረግ ነገሩ ወጣ።

ጉዳዩ ለንደን ፓርላማ የቀረበው ሐምሌ 27 ማታ ነው። ክርክሩ እኩለ ሌሊትን አልፎ ሄደ። ሥልጣን ላይ የነበረው የፖወል የራሱ ፓርቲ ነው፤ የቅኝ ግዛቶቹ ሚኒስትር አለን ሌኖክስ ቦይድም የራሱ ፓርቲ ሰው ነው። ምርጫ ደግሞ ቀርቧል። በዚያ ሰዓት ፖወል ብድግ ብሎ፣ ኃላፊነቱ ወደ ላይ ወደ ባለሥልጣናቱ ይወጣል እንጂ ካምፑ ውስጥ አይቀርም ብሎ ተከራከረ። ከእሱ በፊት በነበረው ክርክር የሞቱትን “ከሰው በታች” ብሎ የገለጸ ነበርና ፖወል ያንን ቃል አላሳለፈውም። በሰው ልጅ ላይ ዳኛ ሆኖ ተቀምጦ፣ እሱ እንዲህ ዓይነት ሰው ስለነበር ሞቱ የሚያስከትለው ተጠያቂነት ይቅር ማለት፣ በተናጋሪዎቹ ራስ ላይ የሚመለስ አስፈሪ ትምህርት ነው አለ።

ቀጥሎ የመጣውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ አውቶቡሱ ማረፊያዬን አልፎ ሄዷል። አፍሪካ ውስጥ የአፍሪካ መመዘኛ፣ እስያ ውስጥ የእስያ መመዘኛ፣ አገር ቤት ደግሞ ምናልባት የእንግሊዝ መመዘኛ ይኑረን ማለት አንችልም አለ፤ እንዲህ የመምረጥ መብት የለንም፤ የትም ቦታ ከራሳችን ጋር አንድ መሆን አለብን አለ። ሲጨርስ እንባው መጥቶ ነበር ብለው የጻፉ አሉ። በተቃራኒው ወገን የነበረው የሌበር ፓርቲው ዴኒስ ሂሊ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በፓርላማ ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ትልቁ ያ ነው ብሎ መስክሮለታል።

እኔ አፍሪካዊት ነኝ። በዚያ ሌሊት፣ እንደራሴዎቹ ኮታቸውን ደርበው ወደየቤታቸው ለመሄድ ሰዓት በሚያዩበት ጊዜ፣ አንድ ወግ አጥባቂ የግሪክኛ ፕሮፌሰር ለ11 ኬንያውያን ተጠያቂ ይኑር ብሎ ወገኖቹን ሲሞግት ማንበብ ደስ አለኝ፤ ያንን አልደብቅም። በዚያ ንግግር ላይ ያስተዋልኩት አንድ ነገር ደግሞ ኋላ ላይ ሁሉን አስረዳኝ። ፊቱ የነበረው የታተመ የመንግሥት ሰነድ ነው። ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን የትኛውን ዕቅድ እንዳጸደቀ እየቆጠረ ይሄዳል። ድምዳሜው ላይ ሲደርስ ግን የሚናገረው ራሱ ነው፤ የሚያስጠጋው ገጣሚ የለም፣ “አንድ ሰው እንዲህ አለኝ” የለም። እያንዳንዱ ከባድ ቃል ከራሱ አፍ ወጥቶ በራሱ ስም ቆሟል።

በርሚንግሃም፣ 1968

ኒው ስትሪት ላይ ያለው የዛሬው በርሊንግተን ሆቴል ያኔ ሚድላንድ ሆቴል ይባል ነበር። ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1968 ፖወል እዚያ ለፓርቲው አባላት ተናገረ። በዚያን ጊዜ የፓርቲው የጥላ ካቢኔ፣ ማለትም ተቃዋሚው ፓርቲ ለየሚኒስቴሩ የሚሰይማቸው ተጠሪዎች ስብስብ፣ የመከላከያ ተጠሪ ነበር። ስለ ንግግሩ ብዙ ተብሏል፤ ቤት በማከራየትና ሰው በመቅጠር በዘር መለየትን የሚከለክል ሕግ ሊወጣ ሲል፣ ስደት ይቁም፣ የገቡትም ወደየመጡበት እንዲመለሱ ይበረታቱ የሚል ነበር። የሚታወሰው ግን በክርክሩ አይደለም፤ በሦስት ነገሮች ነው።

አንደኛው፣ ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ በዚህ አገር ጥቁሩ በነጩ ላይ አለንጋ ይይዛል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ወልቨርሃምፕተን ውስጥ ጎረቤቶቿ ሁሉ ስደተኞች ሆነው ብቻዋን ስለቀረች አንዲት ነጭ አሮጊት የሚተርከው ታሪክ፣ በደብዳቤ ሣጥኗ ምን እንደሚገባባት፣ ልጆች ምን ብለው እንደሚጮሁባት። ሦስተኛው፣ ስሙን ለንግግሩ የሰጠው የደም ወንዝ።

ንግግሩን ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ነው የታየኝ። ሦስቱም የእሱ ቃላት አይደሉም። የአለንጋውን ያለው አንድ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለ ተራ ሠራተኛ ነው፤ ፖወል እሱ ያለኝን ነው የምነግራችሁ ይላል። የአሮጊቷ ታሪክ ከሰሜን፣ ከኖርዘምበርላንድ ከተጻፈለት ደብዳቤ የተነበበ ነው። የደሙ ወንዝ ደግሞ የላቲኑ ገጣሚ የቨርጂል ነው፤ “እንደ ሮማዊው፣ የቲቤር ወንዝ በብዙ ደም ሲያረፋ የማይ ይመስለኛል” አለ። በሆላ ጊዜ በራሱ አንደበት የቆመ ሰው፣ እዚህ ከባዱ ቃል በመጣ ቁጥር ከሌላ ሰው ጀርባ ሄዶ ይቆማል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጋሼ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ጥቅስ የሊቅ መሣሪያ ነው። ሊቅ የሚጠቅሰው ምስክሩን መዝኖ ነው፤ ሰሚውም ያንን ስለሚያውቅ ያምነዋል። ፖወል ያን ዕለት አመኔታውን ወስዶ ሚዛኑን ተወው። ደብዳቤው የተጻፈው የአሮጊቷ ከተማ ካልሆነ ሩቅ ቦታ ነው፤ እሷ ራሷ ያለችው ሳይሆን ስለ እሷ የተባለ ነው። በግሪክኛ ጽሑፍ ላይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ምንጭ ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል ከጥርጣሬ ጋር ነበር የሚሰፍረው። እሱ ግን የንግግሩ እምብርት አደረገው። ጋዜጠኞች ወልቨርሃምፕተንን አሰሱ፤ በጊዜው አሮጊቷን ማግኘት አልቻሉም። የከተማው ጋዜጣ የኤክስፕረስ ኤንድ ስታር አዘጋጅ ክሌም ጆንስ የፖወል የቅርብ ወዳጅ ነበር፤ እሱም ታሪኩን ሊያረጋግጥ ፈልጎ አጣ፤ ወዳጅነታቸውም በዚያ ንግግር ሰበብ ተቋረጠ። ፖወል ስሟን አልናገርም ብሎ ጸና።

የሚያሳዝነኝ ሌላም አለ። በሕዝብ እንደራሴነቱ የሚወክላት ከተማ ናት። በወረዳው ሕንዳውያንና ፓኪስታናውያን ይኖራሉ፤ ኡርዱ ያውቃል። በወረዳው ከሚኖሩት ስደተኞች አንዳንዶቹን በሚገባቸው ቋንቋ ምን ሆናችሁ ብሎ መጠየቅ ከሚችሉ ጥቂት የእንግሊዝ ፖለቲከኞች አንዱ እሱ ነበር። በንግግሩ ውስጥ ግን የአንድም ስደተኛ ድምፅ አይሰማም። በሄሮዶተስ ጽሑፍ ላይ ቃል ሳይዘለው የቆጠረ ሰው፣ ከምክር ቤት ወንበሩ በታች የነበረውን ሕያው ምስክር ዘለለው።

የቨርጂሉም ነገር እንዲሁ ነው። በግጥሙ የደሙን ወንዝ አየሁ የምትለው ነቢይቱ ሲቢል ናት። ትንቢቱን የምትነግረውም ከተማው ትሮይ ተቃጥላበት፣ አባቱን ተሸክሞ ወጥቶ፣ ባሕር አቋርጦ ለመጣው ለኤኔያስ ነው። ኤኔያስ ስደተኛ ነው፤ ሮማውያን ዘራችን የሚሉት ከእሱ ነው። ይህን ክፍል ፖወል አይረሳውም፤ ግጥሙን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ጥቅሱን ቆርጦ ሲያመጣው ግን ስደተኛው ቀርቶ ደሙ ብቻ መጣ።

ምን እንደሚከተል አያውቅም ነበር ለማለት አይቻልም። ለዚያው ለክሌም ጆንስ አስቀድሞ፣ ሮኬት ሁሉ ወጥቶ ይወድቃል፣ ይህኛው ግን ወጥቶ ይቀራል ብሎት ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማግስቱን እሑድ የፓርቲው መሪ ኤድዋርድ ሂዝ ከጥላ ካቢኔው አባረረው። በማክሰኞው የለንደን የወደብ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ለእሱ ድጋፍ ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። የጋሉፕ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ከተጠየቁት 74 በመቶው እንደተስማሙበት አሳየ። በዚያን ሳምንት መንገድ ላይ የወጡ ጥቁሮችና እስያውያን ምን እንደተባሉ፣ እዚህ ከተማ ያሉ የጃማይካ እናቶች ዛሬም ሲያወሩት ድምፃቸው ይለወጣል።

የውሃ ማማው

ወደ እኔ ሽማግሌ ልመለስ። ፖወል የጤና ሚኒስትር የነበረው ከ1960 እስከ 1963 ነው። መጋቢት 1961 በአእምሮ ጤና ላይ በተዘጋጀ ጉባኤ፣ ከመስኩ መሀል ብቻቸውን ተገትረው፣ ከሩቅ በሚታይ ግዙፍ የውሃ ማማና ጭስ ማውጫ ስለሚጠበቁት የጥንት ሆስፒታሎች ተናገረ። በ15 ዓመት ውስጥ የአልጋዎቹ ቁጥር በግማሽ፣ ቢያንስ በ75,000፣ መቀነስ አለበት፤ ሕሙማኑ በየአካባቢያቸው መታከም አለባቸው አለ። በቀጣዩ ዓመት በአሥር ዓመት 90 አዳዲስ ሆስፒታሎች የሚያሠራውን ዕቅድ አወጣ። በአካባቢ ይታከሙ የተባሉት ሕሙማን የሚያስፈልጋቸው ገንዘብና ሰው ለረጅም ጊዜ አልተከተላቸውም፤ ብዙዎቹ ተንገላተዋል። ቢሆንም በሩ እንዲከፈት ማለቱ ትክክል ነበር፤ ይህን የምለው በየሌሊቱ ከእነሱ ጋር የማድር ሰው ሆኜ ነው። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ዘመድ የጠየቀ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

እሱ የሚመራቸው ሆስፒታሎች ደግሞ በዚያን ዘመን ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከካሪቢያን በመጡ ሐኪሞችና ነርሶች በብዛት ይታገዙ ነበር። ያንን በፋይል ያየዋል፤ የሚኒስትር ጠረጴዛ ላይ የሠራተኛ ቁጥር ይመጣል። ስለዚህ ሚኒስትሩ ፖወል ስደተኛውን በቁጥር ያውቀዋል። በሆላ ጊዜ የሞተውን አፍሪካዊ በሰነድ አውቆታል። በሩን አንኳኩቶ የሚያገኘውን ጎረቤት ግን በደብዳቤ አወቀው፤ እሱም በሌላ ሰው ደብዳቤ። እኔ የማየው ጉድለት ይህ ነው፤ ዕውቀት አላነሰውም፣ ድፍረትም አላነሰውም።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሕይወቱ ረጅም ነው። በ1974 ስለ አውሮፓ ማኅበር ባለው ተቃውሞ የራሱን ፓርቲ ትቶ ሕዝቡ ሌበርን እንዲመርጥ መከረ፤ ከዚያም በሰሜን አየርላንድ ከሳውዝ ዳውን ተመርጦ እስከ 1987 ፓርላማ ቆየ። ሚኒስትር ግን ዳግመኛ አልሆነም። “የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” የሚለው ተረታችን የተሰፋው ለእሱ ልክ ይመስላል፤ የ1968ቱን ንግግር እስኪሞት አላስተባበለም። በየካቲት 1998 ሲሞት በብርጋዴርነት የደንብ ልብሱ ዎሪክ ከተማ ተቀበረ።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው። አልተስማሙም። “ልጄ፣ ሆላንም አታጋኚው” አሉኝ። በእሳቸው እምነት ፖወል ያን ሌሊት የተቆረቆረው ለእንግሊዝ ክብር እንጂ ለኬንያውያን አይደለም፤ መመዘኛው የእንግሊዝ መመዘኛ ነው፣ ሟቾቹ መለኪያ ሆነው ነው የገቡት። የንግግሩ ቃላትም ይህን አይክዱም፤ ከራሳችን ከፍተኛ መመዘኛ በታች መውረድ የለብንም ነው የሚለው፣ “እኛ” ሲልም እንግሊዞችን ማለቱ ነው። በዚህ ግማሽ መንገድ ሄጄላቸዋለሁ። ግማሹን አልሄድኩም፤ ሰዎቹ “ከሰው በታች” ሲባሉ ዝም ያሉ ወግ አጥባቂዎች በዚያ አዳራሽ ብዙ ነበሩ፣ እሱ ግን ዝም አላለም። በርሚንግሃም ላይ የተናገረውን ለማውገዝ ሆላን መሰረዝ አያስፈልገኝም። እንዲያውም ያ የ1959ኙ ዓረፍተ ነገር፣ የትም ቦታ አንድ መመዘኛ ይኑረን ያለው፣ ከማንም ተቃዋሚው ቃል ይልቅ በ1968ቱ ፖወል ላይ ይበረታል፤ ስደተኛው ሲነካ የሚጠየቀው ማስረጃና ነጩ ሲነካ የሚጠየቀው ማስረጃ እንዲለያይ የፈቀደው እሱ ራሱ ነውና።

ከጋሼ ጋር አሁን የተስማማነው አንድ ነገር ላይ ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ እዚህ ተወልደው ትምህርት ቤት “ኢኖክ” የሚለውን ስም ከሚሰሙ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ጋር ሁለቱን ንግግሮች ከዳር እስከ ዳር እናነባለን። ጋሼ በበርሚንግሃሙ እንጀምር ይላሉ፤ ልጆቹ መጀመሪያ ስለ ራሳቸው የተባለውን ይወቁ ነው ምክንያታቸው። እኔ ሆላ ይቅደም ብያለሁ። ጉዳዩ እስካሁን አልተቋጨም።